ቆዳው ዋጋ ባይኖረውስ?

በቤቴ ቁም ሣጥን ውስጥ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ የተቀመጠ አንድ ቆዳ አለ። የበግ አይደለም፤ የፍየልም አይደለም። አብሮ አደጌ ከካናዳ በሻንጣው ይዞልኝ የመጣ የአውሬ ቆዳ ነው። «አያትህ በአጎዛቸው ላይ ይሰግዱ አልነበር? አንተም በዚህ ላይ ስገድ» ብሎ ነበር የሰጠኝ። ቆዳው ከመጣ ዓመታት አልፈዋል። እስከ ዛሬ ግን አንድም ረከዓ አልሰገድኩበትም። አልጣልኩትም፤ ለሌላ ሰውም አልሰጠሁትም። ሣጥኑን በከፈትኩ ቁጥር ግን አንድ ጥያቄ ይጠይቀኛል።

ውድ አንባቢያን! ነገሩ የአንድ ቆዳ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ገጽ ባላጣበብኩበት ነበር። ጥያቄው ግን ከዚያ ይሰፋል። ነፍስ ያለውን ፍጡር ለቆዳው ብሎ መግደል ይገባልን? በሌላ በቂ ምክንያት ከተገደለስ ቆዳውን አዘጋጅቶ መሸጥ ምን ነውር አለው? ከሁሉ በላይ ደግሞ አንደኛው ምክንያት የት አብቅቶ ሌላኛው የት እንደሚጀምር ሰው በራሱ ልብ ውስጥ ለይቶ ያውቀዋልን? እነዚህን ጥያቄዎች የማነሳው ማንንም ለመክሰስ አይደለም። ከዓመታት በፊት ለአንደኛው ጥያቄ እኔው ራሴ የተቻኮለ መልስ ሰጥቼ ስለነበር ነው።

አውሬውና ገፋፊው

አውሬው ኮዮቴ ይባላል። አገሩ ሰሜን አሜሪካ ስለሆነ የአማርኛ ስም የለውም። ከቀበሮ ተለቅ፣ ከተኩላ አነስ ያለ፣ ግራጫና ቡናማ የተቀላቀለበት ጸጉር ያለው፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ9 እስከ 20 ኪሎ ግራም የሚመዝን አዳኝ እንስሳ ነው። የሥነ እንስሳት ሊቃውንት ከውሻ፣ ከተኩላ፣ እንዲሁም በባሌና በሰሜን ተራሮች ከሚኖረው ከእኛው ቀይ ቀበሮ ጋር በአንድ ወገን ይመድቡታል። አይጥ፣ ጥንቸል፣ ጥንብና ፍራፍሬ ይበላል። የበግ ግልገል ካገኘም አይምርም። ተኩላ ከአብዛኛው የአሜሪካ ምድር ተመንጥሮ ሲጠፋ፣ ኮዮቴ ግን በጥይት፣ በመርዝና በወጥመድ ሲሳደድ ኖሮ ጭራሽ ግዛቱን አሰፋ። ዛሬ ከአላስካ እስከ ፓናማ ይገኛል፤ በቺካጎና በሎስ አንጀለስ ከተሞች ውስጥ ሳይቀር ይኖራል።

አብሮ አደጌ የደሴ ልጅ ነው። አንድ ሰፈር አድገን አንድ ቁርኣን ቤት ቀርተናል። ኑሮ ወደ ካናዳዋ አልበርታ ክፍለ ሀገር ወሰደው። በሳምንቱ የሥራ ቀናት በሥጋ ፋብሪካ ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ2018 የበረዶው ወራት ሲገባ ደግሞ ቅዳሜና እሁድን አንድ በግ አርቢ ሽማግሌ ዘንድ ተጨማሪ ሥራ አገኘ። ሽማግሌው ኮዮቴ በጠመንጃ ይገድላሉ፤ እሱ ቆዳውን ገፎ ለገበያ ያዘጋጃል፤ በአንድ ቆዳ ይህን ያህል ተብሎ ይከፈለዋል።

ሥራው ቀላል እንዳይመስላችሁ። እንስሳው እንደተገደለ ሳይውል ሳያድር መገፈፍ አለበት። ሙቀቱን ይዞ ከቆየ ሆዱ አካባቢ ጸጉሩ ይረግፋል፤ ከበረደ ደግሞ ቆዳው ከሥጋው አልላቀቅ ይላል። ደሙ ይታጠባል፤ በጸጉሩ የተሰካው እሾህና ጭጎጎት በማበጠሪያ ይለቀማል። እንደ በግ ሆዱ አይሰነጠቅም። በኋላ እግሮቹ የውስጥ ገጽ ከአንዱ ተረከዝ እስከ ሌላው ተረከዝ ይቀደድና እንደ ካልሲ ተገልብጦ ወደ ራሱ ይወልቃል። የጆሮው፣ የዓይኑና የከንፈሩ ዙሪያ በስለት ጫፍ ቀስ ተብሎ ይለያል። ከዚያም ቆዳው በተላገ ግንድ ላይ ይደረግና ባለ ሁለት እጀታ ቢላዋ ስቡና ሥጋው ይፋቃል። ከመጠን በላይ ከተፋቀ የጸጉሩ ሥር ተቆርጦ ጸጉሩ ይነቀላል፤ ስብ ከቀረበት ደግሞ ይበላሻል። ጥይት የበሳው ቦታ ይሰፋል። በመጨረሻ በሹል ሳንቃ ወይም በሽቦ መወጠሪያ ላይ፣ በመጀመሪያ ጸጉሩ ወደ ውስጥ ሆኖ ይወጠራል። ቆዳው ጠፈፍ ሲል፣ ጨርሶ ሳይደርቅ፣ ይገለበጥና ጸጉሩ ወደ ውጭ ሆኖ ይደርቃል። ገዢው የሚያየው ጸጉሩን ነውና!

ጊዜውም የተለየ ነው። ጸጉሩ የሚጠቀጥቀውና የሚያምረው ብርዱ በሚጠነክርበት ወቅት፣ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ ይሳሳል፣ ይፋፋቃል፤ በበጋማ ወራት የተገደለ ኮዮቴ ቆዳው ለገበያ አይበቃም። ይህችን ነጥብ አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ፤ በኋላ እመለስባታለሁ።

በአገራችን ቆዳ የሚያለፋን ባለሙያ «ፋቂ» እያሉ መናቅ የቆየ በሽታ ነበር። በቁርበቱ እየተኙ፣ በጫማው እየሄዱ፣ ሰውየውን ግን ያሸማቅቁት ነበር። አብሮ አደጌም በስልክ እየሳቀ «ዕድሜ ለካናዳ፣ ፋቂ ሆኜልሃለሁ» አለኝ። ከሳቁ በኋላ ግን ድምፁ ተለወጠ። «ለመሆኑ ገንዘቡ ሐላል ነው ወይ? ለእናቴ የምልከው ስለሆነ ነው» ብሎ ጠየቀኝ።

የተቻኮለው መልስ

እኔ ጋዜጠኛ እንጂ ዓሊም አይደለሁም። መልሱ «ዑለማእ ጠይቅ» መሆን ነበረበት። ነገር ግን ሰው ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ጥቂት መጽሐፍ ካገላበጠ በኋላ «አላውቅም» ማለት ይከብደዋል። ወዲያው የመይሙና (ረ.ዐ.) ነፃ የወጣች አገልጋይ በግ ትዝ አለችኝ። ለሰደቃ የተሰጠቻት በግ ሞታ ተጥላ ሳለ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) በአጠገቧ አለፉ፤ ቆዳዋን ወስደው አልፍተው ለምን እንዳልተጠቀሙበት ጠየቁ። የሞተች መሆኗ ሲነገራቸውም የተከለከለው መብላቷ ብቻ መሆኑን አስረዱ። ሐዲሱ በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበ ነው።

«እንግዲህ ምን ትፈልጋለህ?» አልኩት። «ሽማግሌው ግልገላቸውን ለማዳን ገድለዋል። አንተ ካልገፈፍከው ጥንብ ሆኖ ይቀራል። ከሚጣል ጥቅም ላይ መዋሉ ይሻላል። ላብህ ነው፤ ሐላልህ ነው!»

እሱም አመነኝ። ሦስት ክረምት ሠራ። በዚያ ገንዘብ ደሴ ላይ የእናቱ ቤት ጣሪያ ተቀየረ።

መልሴ ጨርሶ ውሸት ነበር አልልም። ግን ጎዶሎ ነበር። ስለ በጓ ያነበብኩትን ሐዲስ በጨረፍታ ወስጄ አንድ ነገር ዘለልኩ። በጓ በራሷ ጊዜ የሞተች ናት። ለቆዳዋ ብሎ የገደላት ማንም አልነበረም። ቆዳዋን መጠቀም ሌላ በግ እንዲሞት ምክንያት አይሆንም። የኮዮቴው ነገርስ እንዲሁ ነበርን?

ዋጋ ሲገባበት

አብሮ አደጌ በ2022 ለዘመድ ጥየቃ ሲመጣ ያን ቆዳ ይዞ መጣ። የቀረውን ታሪክም ቁጭ ብለን አወጋን።

በመጀመሪያው ክረምት ሽማግሌው የገደሉት በበጎቹ በረት ዙሪያ የሚያንዣብቡትን ነበር፤ ደርዘንም አልሞላ። ቆዳዎቹ ተሸጡ። ያን ጊዜ የኮዮቴ ገበያ የደራበት ወቅት ነበር። በሀብታም ከተሞች ኮፍያው ዙሪያውን በኮዮቴ ጸጉር የተከፈፈ የብርድ ካፖርት ፋሽን ሆኖ ነበርና፣ ከምዕራብ ካናዳና ከሰሜናዊ የአሜሪካ ሜዳዎች የሚመጣው ነጣ ያለና ጥቅጥቅ ያለ ቆዳ በጨረታ ከ100 የአሜሪካ ዶላር በላይ የሚያወጣበት ጊዜ ነበር። በሁለተኛው ክረምት ሽማግሌው የቆሰለች ጥንቸል ድምፅ የሚያሰማ መሣሪያ ገዙ። መሣሪያው በበረዶው ላይ ይቀመጣል፤ ኮዮቴው ምግብ ያገኘ መስሎት ሲመጣ ይተኮስበታል። በሦስተኛው ክረምት በግ ወደሌለበት፣ ወደ ጎረቤት የስንዴ ማሳ ሁሉ በመኪና መሄድ ጀመሩ። «የግልገል ነገር ከአፋቸው ጠፋ» አለኝ።

እዚህ ላይ ነው ያቺ ነጥብ የምትመጣው። በጎቹ የሚወልዱትና ኮዮቴ ግልገል የሚነጥቀው በአብዛኛው በረዶው ከቀለጠ በኋላ፣ እሱም ለቡችሎቹ በሚያድንበት በፀደይና በበጋ ነው። በዚያ ወቅት ቆዳው ዋጋ የለውም። ሽማግሌው በብዛት ይገድሉ የነበረው ግን ከኅዳር እስከ ጥር፣ ጸጉሩ በሚያምርበት ጊዜ ነበር። አፋቸው ስለ ግልገል ሲናገር፣ የቀን መቁጠሪያቸው ስለ ጸጉር ይመሰክር ነበር። ሰው ራሱን የሚያታልለው እንዲህ አድርጎ ነው!

ክፉ ሰው ነበሩ ማለቴ አይደለም። አብሮ አደጌ የሚሰግድበትን ማእዘን ራሳቸው ጠርገው የሰጡት፣ በረመዷን የእረፍት ሰዓቱን ከመግሪብ ጋር ያስተካከሉለት እሳቸው ናቸው። ዋጋ ደግ ሰውንም ቀስ እያለ ከቆመበት ያንቀሳቅሰዋል፤ የምለው ይህንን ነው።

ነገሩ የአንድ ሽማግሌ ብቻም አይደለም። የካናዳ የቆዳ ንግድ ታሪክ ራሱ ይህንኑ ይናገራል። በ1670 የተቋቋመው የሀድሰንስ ቤይ ኩባንያ የሰሜኑን ወንዞች የወረረው በአውሮፓ ከተሞች ባርኔጣ ለሚሠራበት የቢቨር ጸጉር ነበር። ከአልበርታ ጎን ያለችው የሳስካቸዋን ክፍለ ሀገር ደግሞ ከኅዳር 2009 እስከ መጋቢት 2010 (እ.ኤ.አ.) ለተገደለ አንድ ኮዮቴ 20 የካናዳ ዶላር እንደምትከፍል አወጀች። ማረጋገጫው አራቱ መዳፎች ነበሩ። በእነዚያ ጥቂት ወራት 71 ሺህ ያህል ኮዮቴ ተገደለ። ዋጋው በመዳፉ ላይ ሲጻፍ ለመዳፉ ተገደለ፤ በጸጉሩ ላይ ሲጻፍ ለጸጉሩ ይገደላል።

ኋላ ደግሞ ዋጋው ወደቀ። ካፖርቱን በዓለም ላይ ያስተዋወቀው ካናዳ ጉዝ የተባለው ኩባንያ በሰኔ 2021 (እ.ኤ.አ.) የእንስሳ ጸጉር መግዛት እንደሚያቆምና እስከ 2022 መጨረሻ ከምርቶቹ ላይ እንደሚያስወግድ አስታወቀ። ገበያው ቀዘቀዘ። ሽማግሌውስ ምን አደረጉ? በበረዶ ውስጥ መንከራተቱን ተዉ። በጎቹን ማታ ማታ በአጥር ውስጥ ማሳደር ጀመሩ፤ መንጋ የሚጠብቁ ሁለት ትልልቅ ነጫጭ ውሾችም አመጡ። የግልገሉ ሞት ቀነሰ። ለካስ ሌላ መፍትሔ ነበረ! እስከዚያ ድረስ ሳይታይ የቆየው ቆዳው ዋጋ ስለነበረው ነው።

ሸሪዓችን ምን ያስተምረናል?

ከዚያ በኋላ ነው ወደ መጻሕፍቱና ወደ አዋቂዎች የተመለስኩት። ያገኘሁትን በአጭሩ ላካፍል፤ ፈትዋ መስጠት የዑለማእ ድርሻ መሆኑን ሳልረሳ።

አንደኛ፣ የአውሬ ቆዳ ጉዳይ እንደ በግ ቆዳ የቀለለ አይደለም። በአገራችን በስፋት ከሚታወቁት መዝሀቦች ሻፊዒው ከውሻና ከአሳማ በስተቀር፣ ሐነፊው ደግሞ ከአሳማ በስተቀር ቆዳ ሲለፋ ይጠራል ይላሉ። ማሊኪዎችና ሐንበሊዎች ከዚህ ይጠብቃሉ። በሻፊዒዎች በታወቀው አቋም ማልፋት የሚያጠራው ቆዳውን እንጂ በላዩ ያለውን ጸጉር አይደለም፤ ሐነፊዎች ግን ጸጉሩን መጀመሪያውኑ ንጹሕ ያደርጉታል። አብሮ አደጌ ያዘጋጅ የነበረው ቆዳ ደግሞ የደረቀ እንጂ የለፋ አልነበረም። ያልለፋ የጥንብ ቆዳ መሸጥን ብዙ ፉቀሃእ አይፈቅዱም። ሐነፊዎች በፀሐይ ማድረቅን እንደ ማልፋት ይቆጥሩታል፤ ሻፊዒዎች ግን አይቆጥሩትም። «ላብህ ነው፤ ሐላልህ ነው!» ብዬ በአንድ ትንፋሽ ስመልስ ይህ ሁሉ ዝርዝር የት ነበር? አንዱንም አልጠየቅኩም።

ሁለተኛ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የአዳኝ አውሬዎችን ቆዳ ከልክለዋል። አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ዘግበውታል፤ መልበስ፣ መቀመጥና ማንጠፍ የተጠቀሰባቸው ዘገባዎች አሉ። አያቴ የሰገዱበት አጎዛ የበግ ነው፤ የእኔ ግን የአውሬ ነው። ስለ ክልከላው ምክንያት ዑለማእ ከሰጧቸው ማብራሪያዎች አንዱ የአውሬ ቆዳ የኩራተኞችና የባለጠጎች መታያ መሆኑ ነው። የካፖርቱን ፋሽን ሳስብ ይህ ማብራሪያ ምን ያህል ሩቅ እንዳየ ይገርመኛል። በብርዱ ሜዳ የሚኖር ሰው ኮፍያው ላይ ያለው ጸጉር ፊቱን ከበረዶ ነፋስ ይጠብቅለት ይሆናል። ሞቃት መኪና ውስጥ ተቀምጦ ከሱቅ ሱቅ ለሚዞረውስ? ለታይታ ካልሆነ በቀር ምን ይጠቅመዋል?

ሦስተኛ፣ ሃይማኖታችን ጉዳት የሚያደርስን አውሬ መግደልን አይከለክልም። ሐጅ ላይ ያለ ሰው እንኳ እንዲገድላቸው የተፈቀዱ ጎጂ ፍጥረታት አሉ፤ ነካሽ ውሻ ከነሱ አንዱ ነው፤ ተኩላን የመሰለ አጥቂ አውሬ በዚሁ የሚጠቃለል መሆኑን ያስተማሩ ሊቃውንትም አሉ። በአሜሪካ አዳኝ እንስሳት በበግ ላይ ከሚያደርሱት ጉዳት ትልቁ ድርሻ የኮዮቴ ነው። ስለዚህ በጉን የሚያጣው አርቢ መብት አለው። ነገር ግን ይህችው ሸሪዓ ነፍስ ያለውን ነገር የተኩስ ዒላማ ማድረግን ከልክላለች። ያለ አግባብ የተገደለች ድንቢጥ እንኳ በቂያማ ዕለት እንደምትጠይቅ አስተምራለች። ስንገድልም አገዳደላችንን እንድናሳምር፣ ስለቱን እንድንስል አዛለች። ድመት አስራ በረሃብ የገደለች ሴት ተቀጥታለች፤ የተጠማ ውሻ ያጠጣ ሰው ምሕረት አግኝቷል። ከእነዚህ ሁሉ የምረዳው መግደል ሐቅ ይፈልጋል። ሐቁም ከቆዳው በፊት መኖር አለበት። ቆዳው ሐቁን ተከትሎ ይመጣል እንጂ ቆዳው ሐቅ ሊሆን አይችልም።

ሊነሱ የሚችሉ ተቃውሞዎች

«አንተ ከተማ ተቀምጠህ ሥጋ እየበላህ፣ የቆዳ ጫማ እየተጫማህ፣ አዳኙን ለመውቀስ ምን ሥልጣን አለህ?» የሚለኝ ይኖራል። እውነቱን ነው። አላህ (ሱ.ወ.) ከእንስሳት ቆዳ መጠለያ፣ ከበግ ሱፍ፣ ከግመል ጸጉርና ከፍየል ጸጉርም መገልገያ እንድናገኝ ማድረጉን በሱረቱ አን-ነሕል እንደ ጸጋ ቆጥሮ ነግሮናል። ቆዳ መልበስ ኀጢአት ነው የሚል ሙስሊም የለም። የእኔም ጥያቄ በቆዳው ላይ ሳይሆን በቅደም ተከተሉ ላይ ነው።

«ሰው ሠራሽ ጸጉርስ ይሻላል? እሱ ከነዳጅ ዘይት የሚሠራ፣ ለዘመናት የማይበሰብስ ፕላስቲክ ነው» የሚልም አለ። ይህም ቀላል መከራከሪያ አይደለም። እንዲያውም የጸጉር ገበያው ሲቀዘቅዝ ኮዮቴ መገደሉ አልቆመም። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር የዱር እንስሳት አገልግሎት ክፍል ብቻውን ከብት ለመጠበቅ በሚል በ2018 ከ68 ሺህ በላይ ኮዮቴ ገድሏል። ግልገል ሲያጠቃ ለተያዘ ኮዮቴ ጥይቱ አግባብ ከሆነ፣ ቆዳውን አልፍቶ ለሚፈቀደው አገልግሎት ማዋል ከማበስበስ ይሻላል። የመይሙና (ረ.ዐ.) አገልጋይ በግ ትምህርት እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል። ስህተቱ ትምህርቱን ገልብጦ «ቆዳው ስለሚጠቅም እንግደል» ወደሚል ማድረስ ነው።

«ድሃ ሰው የሚበላውን ቢፈልግ ምን ይፈረድበታል?» ቢባልስ? አብሮ አደጌን እኔ አልፈርድበትም። የጠየቀ እሱ ነው፤ ያቻኮልኩት እኔ ነኝ። ነገር ግን ድህነት የመጠየቅን ግዴታ አያነሳም። እሱ ራሱ ለእናቱ የሚልከው ገንዘብ በመሆኑ የተጨነቀው ለዚህ ነው። እንዲህ ያለ ጭንቀት ያለው ልብ ገንዘብ ካለው ልብ ይበልጣል።

ወደ ራሳችን በር

የካናዳውን በዚህ ጨርሰን «እነሱ እንዲህ ናቸው» ብለን እንዳናርፍ፣ ወደ አረፋችን ላምጣችሁ።

በልጅነታችን ደሴ ላይ የኡድሒያው በግ ከታረደ በኋላ ቆዳው ሥራ ነበረው። አራጁ ቆዳውን በቢላዋ እንዳይበሳው እናቶች ከራሱ ላይ ቆመው ይቆጡት ነበር። ከፊሉ ለመድረሳ ይሰጣል፤ ከፊሉ በጨው ታሽቶ፣ በካስማ ተወጥሮ፣ አጎዛ ሆኖ ይወጣል። የኡድሒያ ቆዳ የሚሸጥ ሳይሆን የሚሰደቅ ወይም የሚገለገሉበት መሆኑን አብዛኞቹ ዑለማእ ያስተምራሉ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በሐጃቸው የታረዱትን ግመሎች ሥጋና ቆዳ እንዲሰድቅ፣ ከዚያም ላይ ለአራጁ የድካም ዋጋ እንዳይከፍል ዐሊይን (ረ.ዐ.) አዝዘውታል። አራጁ ከኪስ ይከፈለዋል።

ዛሬስ? ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የቆዳና ሌጦ ገበያ በመውደቁ፣ በዓል በመጣ ቁጥር በአዲስ አበባ መንደሮች የበግ ቆዳ በየቆሻሻ ገንዳው ሥር ተጥሎ ሲሸት ማየት ብርቅ አይደለም። ያ በአላህ ስም የታረደ፣ ጥዋት ላይ ተክቢራ የተባለበት በግ ነው። «ማን ይገዛዋል ብለህ ነው?» እንባባላለን።

እንግዲህ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። እዚያ ቆዳው ዋጋ ሲያወጣ ሊገደል የማይገባው ተገደለ። እዚህ ቆዳው ዋጋ ሲያጣ ሊጣል የማይገባው ተጣለ። የሁለቱ ነገር የተለያየ ይመስላል፤ ዳኛው ግን አንድ ነው። በሁለቱም ቦታ የፈረደው ዋጋው ነው። እኛ የፈጣሪን አማና ተሸክመናል የምንል ሰዎች ሚዛኑን ከእጃችን አውጥተን ለነጋዴ ሰጥተናል።

ስለዚህ ቆዳ የሚነካ ሰው ሁሉ፣ አዳኝም ሆነ ገፋፊ፣ ሻጭም ሆነ ለባሽ፣ በዓል አራጅም ሆነ በሊታ፣ ሁለት ጥያቄ ራሱን ይጠይቅ እላለሁ። የመጀመሪያው፦ ቆዳው ምንም ዋጋ ባይኖረው ኖሮ ይህን እንስሳ እገድለው ነበርን? መልሱ «አዎን፤ ጉዳት ያደርስብኛል» ወይም «አዎን፤ አላህ በፈቀደልኝ መንገድ እበላዋለሁ» ከሆነ መልካም። «አልገድለውም» ከሆነ ግን የገደልነው ለገንዘብ ነውና ሌላ ስም አናውጣለት። ሁለተኛው፦ ከገደልኩት በኋላ ቆዳው ምንም ዋጋ ባይኖረው እጥለዋለሁን? መልሱ «አዎን» ከሆነ የወሰድነውን ነፍስ አቅልለናል። ዋጋ ባይኖረው ባልገደለ፣ ዋጋ ባይኖረውም ባልጣለ ሰው እጅ ላይ ቆዳ ክብር አለው።

በሰፈራችን የሚያስቀሩ አንድ ሸይኽ ዘንድ ሄጄ ያን የሣጥኔን ቆዳ ነገር አጫውቻቸው ነበር። ስለ ማልፋቱ፣ ስለ ጸጉሩ፣ ስለ መዝሀቦቹ ልዩነት በትዕግሥት አስረዱኝ፤ እንዳልሰግድበትም መከሩኝ። ልነሳ ስል ግን «ልጄ፣ ስለ ቆዳው ብዙ ጠየቅኸኝ። ስለ አሟሟቱ ግን የጠየቅኸኝ በመጨረሻ ነው። ለወደፊቱ ከእሱ ጀምር» አሉኝ።

ለአብሮ አደጌ ደውዬ ይህንኑ ነገርኩት፤ የያኔው መልሴ ጎዶሎ እንደነበረም ነግሬ አፉ እንዲለኝ ጠየቅኩት። ትንሽ ዝም አለና «እኔም በሦስተኛው ክረምት ሆዴ አልተመቸውም ነበር፤ ግን አንተ ሐላል ነው ስላልከኝ ዝም አልኩ» አለኝ። ይህች ቃል እስከ ዛሬ ትከብደኛለች። ሰው ልቡ ሲነግረው ዝም ያሰኘሁት እኔ ነበርኩ ማለት ነው።

ቆዳው አሁንም ሣጥኑ ውስጥ አለ። ልሰግድበት አልችልም፤ ልሸጠው አልፈልግም፤ ቆሻሻ ላይ ልጥለው ደግሞ ከላይ የጻፍኩት ሁሉ ይከለክለኛል። ባለፈው አረፋ ግን የበጋችንን ቆዳ ራሴ ጨው አሽቼ ወጠርኩት። እጄ ስላልለመደ ሁለት ቦታ በስቼዋለሁ። የጎረቤት ልጆች ከበውኝ «ጋሼ፣ ይሸጣል?» እያሉ ጠየቁኝ። አይሸጥም አልኳቸው። አጎዛው አሁን መስጂዳችን ውስጥ አንድ አቅመ ደካማ አዛውንት የሚቀመጡበት ማእዘን ተነጥፏል።

ወላሁ አዕለም።